የካሜራ ቀረጻን ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ለኤዲቲንግ ማዘጋጀት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሰርግ የሚቀርጽ ሰው፣ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ከመሰካቱ በፊት የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን ማስተካከል ይኖርበታል። በነፃ የሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ነገር ግን ቪዲዮ አንዴ ከገባበት በኋላ የፕሮጀክቱን የፍሬም ብዛት (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ቁጥር) መቀየር ስለማይፈቅድ፣ አዲስ ፕሮጀክት እንደተከፈተ ወደ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ገብቶ ካሜራው የቀረጸበትን ቁጥር መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ 25 ፍሬም እመርጣለሁ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ ሸተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ሲሆን የአዳራሽ መብራት ምስሉን አያርገበግበውም።

ቀጥሎ የካርዱን ይዘት በሙሉ፣ አንድም ፎልደር ሳይቀር፣ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። አንዳንድ ካሜራዎች ረጅም ቀረጻን በበርካታ ፋይሎች ስለሚከፋፍሉ፣ ቪዲዮውን ብቻ መርጦ መውሰድ በኋላ ችግር ያመጣል። ሶፍትዌሩ የፋይሉን ቦታ ያስታውሳል እንጂ ፋይሉን ራሱን አይገለብጥም። ይህን ሳላውቅ ከወረኢሉ ሰርግ ተመልሼ በቀጥታ ከካርዱ ላይ ሥራ ጀመርሁ፤ ካርዱን ስነቅል ሙሽሪት ከቤት የምትወጣበት ትዕይንት ወደ ቀይ ስክሪንነት ተለወጠ። ደግነቱ ካርዱን ገና አልደመሰስሁትም ነበር።

መብራት ሊቋረጥ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ይገልበጥ። ካርዱ ፎርማት የሚደረገው የካርዱና የተገለበጠው ፎልደር መጠን እኩል መሆኑ ከታየ፣ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ዲስክ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው።

የድሮ ሚኒ ዲቪ ካሴት ያለው ሰው ግን ካሜራውን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ፋየርዋየር የሚባል ገመድ ያስፈልገዋል፤ የ1 ሰዓት ካሴት ለመግባት 1 ሰዓት ይፈጃል፣ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታም ይይዛል።