ፖሊስ ሕዝብ ሲያነጋግር ፊቱን እንዳይሸፍን የሚከለክል መመሪያ አረቃቀቅ፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው አድራሻው ነው። ጥያቄውን ለከተማው ምክር ቤት ብቻ ይዞ መሄድ ልፋት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት የክልል ፖሊስን የሚያደራጀውና የሚመራው ክልሉ ነውና። አዋጅ ከክልሉ ምክር ቤት፣ ደንብ ከመስተዳድር ምክር ቤቱ ይወጣል። አጭሩ መንገድ የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን የሚያወጣው መመሪያ ስለሆነ ደብዳቤው ለኮሚሽኑ ይጻፍ፤ ግልባጩ ለከተማው ፖሊስና ለከተማው ምክር ቤት ይድረስ። መነሻው አንቀጽ 12 ይሁን፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለው እዚያ ነው።

ፌደራል ፖሊስና መከላከያ በክልል መመሪያ አይታሰሩም። ኬላ ላይ ከክልሉ ፖሊስ ጋር አብረው ሊቆሙ ስለሚችሉ፣ ረቂቁ ማንን እንደሚመለከት በመጀመሪያው አንቀጽ ይለይ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣችው ተመሳሳይ ሕግ የፌደራል ሠራተኞችንም በመንካቱ የአገሪቱ ፌደራል መንግሥት ከሷታል።

ቀጥሎ ትርጉም። «ፊት» ማለት ከቅንድብ እስከ አገጭ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው ነው ተብሎ ይጻፍ። «ጭንብል» ብቻ ከተባለ ሻርፑን እስከ አፍንጫው የጠመጠመው ያመልጣል። «ራስን መሸፈን» ተብሎ ከሰፋ ደግሞ የሴት ፖሊሶችን ሂጃብ ይነካል፤ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ረቂቅ ገና ሁለተኛው ገጽ ሳይገለጥ ይጣላል።

ትልቁ ጣጣ ብርዱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳን ንፋስና የሐረጎን ጉም የሚያውቅ ሰው የሌሊት ተረኛን «ፊትህን ለብርድ ስጥ» አይለውም። ግን «ለብርድ ይፈቀዳል» ብሎ መጻፍም መመሪያውን መቅበር ነው፤ ደሴ ላይ የማይበርድ ሌሊት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። መፍትሔው ክልከላውን ከሰዓቱ ሳይሆን ከሥራው ጋር ማሰር ነው፦

«አባሉ ተሽከርካሪ ሲያስቆም፣ ሰነድ ሲጠይቅ፣ ሲፈትሽ ወይም ሰው ሲይዝ፣ የመጀመሪያውን ቃል ከመናገሩ በፊት ፊቱን ይገልጣል፤ ሰውየውን እስኪያሰናብት ድረስም መልሶ አይሸፍንም።»

«የመጀመሪያውን ቃል ከመናገሩ በፊት» የሚለው እንዳይወጣ። ከወጣ እያንዳንዱ አቤቱታ «ልገልጥ ስል ነው» በሚል መልስ ይዘጋል። በዚህ አጻጻፍ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ አቧራ የሚውጠው ትራፊክ ፖሊስም ተሽከርካሪ ሲያሳልፍ ማስኩን ያደርጋል፤ ባጃጅ ሲያስቆም ያወርዳል። የሞተረኛው ሄልሜትም እንዲሁ፣ መስታወቱ ወደ ላይ።

የሚቀሩት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፦ የሐኪም ወረቀት ያለው የሕክምና ማስክ፣ የጋዝ መከላከያ፣ እንዲሁም በስውር ወይም በልዩ ዘመቻ ላይ ያለ አባል። ለመጨረሻው አስቀድሞ የተጻፈ ትዕዛዝ ይጠየቅ፤ የፈቀደው ኃላፊ ስም፣ ቀኑ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት ይኑርበት። «ለጸጥታ ሲባል» የምትለዋ ሐረግ ከገባች ሌላውን ሁሉ ትውጠዋለች።

ፊት መታየቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ ወረዳ የተዛወረን ፖሊስ በመልኩ ማን ያውቀዋል? የመለያ ቁጥር ደረት ላይ ይታይ። ቁመቱ 2.5 ሴንቲሜትር የሆነ ቁጥር 3 ሜትር ላይ ሳይቸገሩ ይነበባል። ረቂቁ ከመላኩ በፊት ይሞከር፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አንዱ ባጃጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ቁጥሩን ለጥፎ አጠገቡ ይቁም። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን የሚሰውረው ጨለማው ሳይሆን ከላይ የሚደረበው ጃኬትና የዝናብ ልብስ ስለሆነ፣ «ከሁሉ ውጭ በተለበሰው ልብስ ላይ» ተብሎ ይጻፍ።

ቅጣት ላይ «አግባብ ያለው እርምጃ ይወሰዳል» ማለት ምንም አለማለት ነው። አቤቱታውን ማን እንደሚቀበል፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ (15 የሥራ ቀን ይበቃል)፣ ሸፍኖ የወጣውን እያየ ዝም ያለው የቅርብ አለቃም እንደሚጠየቅ ይገለጽ።

የአቤቱታ ቅጹን አባሪ ማድረግ ይሻላል። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና የፓትሮሉ ታርጋ ከተሞላበት ጣቢያው ከተረኛ መዝገቡ አባሉን ለይቶ ማግኘት አለበት። «የፖሊሱ ስም» የሚለው መስመር ግን ግዴታ አይሁን፤ ፊቱን የሸፈነውን ሰው ስም ከየት ያምጣው?