የዓሣ መረብ እርሳስ በጅማ እርጥበት እንዴት ይቀለጣል?

ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ መረብ ለሚጥል ሰው የታችኛውን ገመድ የሚያከብድ ነገር የግድ ነው። ድንጋይም ያገለግላል፤ ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ያጣል። 100 ግራም እርሳስ ግን ውሃ ውስጥም 91 ግራም ያህል ይስባል። ስለዚህ ትንሽ ክብደት ይበቃል፤ መረቡም ሲጎተት በየቦታው አይያዝም።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የከሰል እሳት ይበቃዋል። ጅማ ላይ ሰው የሚያቃጥለው እርጥበት ነው። የቀለጠ እርሳስ ሥር የገባች አንዲት ጠብታ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ከሺህ እጥፍ በላይ ትሰፋለች፤ እርሳሱንም ፊት ላይ ትረጫለች። ስለዚህ ሥራውን ለታኅሣሥና ለጥር ፀሐይ አቆዩት። ደመና ባረገዘ ቀን አትጀምሩ።

እርሳሱን ከጎሚስታ ቤት ታገኛላችሁ፦ ጎማ ባላንስ ሲደረግ የሚወልቁት አሮጌ መዘኛዎች ናቸው። ሁሉም ግን እርሳስ አይደሉም። እያንዳንዱን በፒንሳ ጫፍ ንከሱት፤ እርሳስ በቀላሉ ይሰረጎዳል፣ ዚንክና ብረት ግን እንቢ ይላሉ። ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅም እርሳስ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ዚንክ ያቃጭላል። ይህን ልየታ አትዝለሉት፤ ጥቂት ዚንክ ከገባ የቀለጠው ሁሉ እንደ ገንፎ ይወፍርና ቅርጹን አይሞላም። የመኪና ባትሪ ፈትቶ ማቅለጥ ፈጽሞ አይሞከር። ሳህኖቹ ላይ ያለው አሲድና የእርሳስ ዱቄት ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ግቢውንም ለዓመታት ይመርዛል። 1 ኪሎ ንጹሕ እርሳስ ለማግኘት 1.2 ኪሎ ያህል መዘኛ ያዙ።

ለቅርጹ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው 25 በ25 ሚሊ አንግል ብረት፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ፣ ይበቃል። በያጅ ዘንድ ወስዳችሁ ሁለቱን ጫፍና ሁለት መካከለኛ ቦታ በ2 ሚሊ ላሜራ አዘጉት፤ ሦስት ባለ 4 ሳንቲ ሜትር ክፍል ይወጣዋል። ላሜራዎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ትንሽ ከፈት ያሉ ይሁኑ፤ አለበለዚያ እርሳሱ አይወጣም። ሁሉንም ላሜራ መሃሉ ላይ ብሱና ለስላሳ የ6 ሚሊ ቶንዲኖ (ክብ የብረት ዘንግ) አሳልፉበት፤ የገመዱ ቀዳዳ እሱ ነው። እስከ አፉ የተሞላ ክፍል 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። በጄሶ ቅርጽ መሥራት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጄሶ ላይ ላዩን ደርቆም ውስጡ ውሃ ይዞ ይቆያል። በዚህ አየር አይታመንም።

ምድጃው ከቤት ውጭ፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ በሚመጣበት ቦታ ይሁን። ቡና የተሰጣበት ግቢ አይሆንም። ድስቱ ወፍራም ብረት እንጂ አሉሚኒየም አይሁን፤ ከዚያ በኋላም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም። መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የተዘጋ ጫማና ረጅም ሱሪ ልበሱ።

መዘኛዎቹን ሁሉ በቀዝቃዛው ድስት ውስጥ አስቀድማችሁ ጨምሩ፤ ሌላ እርሳስ በቀለጠው ላይ አይጣል። ቅርጹን በሻማ ጭስ አጥቁሩት፤ ቶንዲኖውንም እንዲሁ። ከዚያ ከማንኪያው ጋር ከሰሉ ጠርዝ ላይ 15 ደቂቃ ያህል ይሙቁ። እርሳሱ ሲቀልጥ የብረት መያዣዎቹ ይሰፍፋሉ፤ ልቀሟቸው። የባቄላ ፍሬ የምታህል ሻማ ጣሉበትና በደረቀ እንጨት አማስሉ። ይነድዳል፣ አትደንግጡ፤ ቆሻሻው ወደ ላይ ወጥቶ በማንኪያ ይገፈፋል። ሙቀቱን በጋዜጣ ቁራጭ ፈትኑ፦ ቡናማ ሆኖ ካልነደደ ልክ ነው። ላዩ ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ካወጣ በጣም ግሏል፤ ከሰሉን ቀንሱ።

ቅርጹን ሳታቋርጡ ሙሉት። እርሳስ ሲረጋ ስለሚሸሽ መሃሉ ሲሰረጎድ ወዲያው ጨምሩበት። ቶንዲኖውን ገና ትኩስ ሳለ በፒንሳ እያዞራችሁ ሳቡት፤ ከቀዘቀዘ እርሳሱ ጨብጦ ይይዘዋል። ውሃ ውስጥ አታቀዝቅዙ። ፊቱ የተሸበሸበ ከሆነ ቅርጹ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ አመዳይ ከነጣ ደግሞ እርሳሱ ከመጠን በላይ ግሏል። ሁለቱም መልሰው ይቀለጣሉ። ሹል ጠርዝ የመረቡን ክር ስለሚበላ በቢላ ላጡት፤ ሞረድ ዱቄት ያበዛል።

እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባው በጭስ ብቻ አይደለም፤ በእጅም ነው። እየሠሩ ጫት መቃም፣ ቡና መጠጣት፣ ሲጋራ ማጨስ የለም። ሲያልቅ እጅና ፊት በሳሙና፣ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ። ልጆችና ነፍሰ ጡር በአካባቢው አይገኙ፤ እነሱን የሚያርቅ ቦታ ከሌላችሁ በድንጋይ ወይም በብረት ቡሎን መጠቀም ይሻላል። የተገፈፈውን ቆሻሻ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አኑሩ፤ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርድ ቦይ አይደፋ።

ስንት እርሳስ እንደሚበቃ የሚወስነው የላይኛውን ገመድ የሚያንሳፍፈው ተንሳፋፊ ነው። አንዱን ተንሳፋፊ በባልዲ ባለ ውሃ ውስጥ አስገቡና የሚያሰጥመውን የእርሳስ ክብደት ፈልጉ። በላይ እንዲንሳፈፍ የምትፈልጉት መረብ ጠቅላላ እርሳሱ ከጠቅላላ ተንሳፋፊው ጉልበት ያነሰ ይሁን። ታች ለሚያርፍ መረብ ግን እርሳሱ መብለጥ አለበት።