አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ አንቲባዮቲክ ስንሰጥ ኩላሊቱን እንዳንጨርሰው

ቫንኮማይሲን (ለከባድ ኢንፌክሽን የሚሰጥ፣ ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል አንቲባዮቲክ) ሲታዘዝ ብዙዎቻችን ኩላሊቱን ፈርተን የመጀመሪያውን ዶዝ እንቀንሳለን፣ እሱ ነው ትልቁ ስህተት። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ያለበት ሰው ኩላሊቱን ቀድሞ የሚጎዳው ኢንፌክሽኑ ራሱና የወረደው ፕረዠር ነው፣ ስለዚህ ሎዲንግ ዶዙ (ከፍ ብሎ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዶዝ) በትክክለኛ ኪሎው (በኪሎ ከ20 እስከ 35 ሚሊግራም፣ ከ3 ግራም ሳያልፍ) ሙሉ ይሰጥ፣ ቀስ ብሎ በድሪፕ። የሚስተካከለው ከዛ በኋላ ያለው ነው።

ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ብቻ አትመኑ። ኩላሊቱ ከተጎዳ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው ከፍ የሚለው፣ ብዙ ሳምንት ተኝቶ ጡንቻው ያለቀ በሽተኛ ላይ ደሞ ኖርማል መስሎ ይሸውዳችኋል። ሽንቱን በየሰዓቱ ለኩ። በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊ በታች ሆኖ 6 ሰዓት ከቆየ፣ ወይ ክሪያቲኒኑ በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 mg/dL ከጨመረ ነገ ራውንድ ላይ እናየዋለን አይባልም፣ የዛኑ ማታ ዶዙ ይታይ።

ሌቭል (ደም ውስጥ ያለው የቫንኮማይሲን መጠን) የሚለካበት ቦታ ከሆናችሁ ከ2020ው (እ.ኤ.አ.) ጋይድላይን ወዲህ ትረፍን (ከሚቀጥለው ዶዝ በፊት ያለውን ዝቅተኛ ሌቭል) 15-20 ላይ ማሯሯጥ ቀርቷል፣ ለከባድ ኤምአርኤስኤ (ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ስታፍ ባክቴሪያ) ኤዩሲ (ደም ውስጥ በ24 ሰዓት ያለው ጠቅላላ የመድሃኒት ተጋላጭነት) ከ400 እስከ 600 ነው የሚፈለገው፣ ከዛ ሲያልፍ ጉዳቱ ነው የሚጨምረው። ሌቭል ከሌለ (እኛ ጋ ብዙ ቦታ የለም) ክሪያቲኒን በየቀኑ ይታይ፣ ክሊኒካል ፋርማሲስት ካላችሁ አትልቀቁት።

ጄንታማይሲን (ሌላው ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል አንቲባዮቲክ) ከሆነ ለብዙዎቹ በቀን አንዴ ይሻላል እንጂ ሦስት ቦታ መከፋፈል አይደለም፣ የኩላሊት ሴሎቹ በአንዴ የሚያስገቡት መድሃኒት ገደብ ስላለው አንዴ ብዙ ሰጥቶ ማሳረፍ ነው የሚጠቅመው። ከ5-7 ቀን ሲያልፍ ግን ጉዳቱ እየበዛ ይሄዳል።

ሌላው ሁሌ የሚያናድደኝ ዲክሎፍናክ (ራሱ ኩላሊት የሚጎዳ የህመም ማስታገሻ) ነው! ቫንኮማይሲንና ጄንታማይሲን አብረው እየሄዱ ማታ ላይ ለትኩሳት አንድ ዲክሎፍናክ በመርፌ ይሰጣል፣ ማንም ልብ አይልም። ፓራሲታሞል እያለ ለምን? ሽንት አነሰ ተብሎ ፍሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድሃኒት) መደራረብም መድሃኒት የጎዳውን ኩላሊት አያድንም፣ ውሃ የጎደለውን ደሞ ያባብስበታል።

ካልቸር (ባክቴሪያውን ለመለየት የሚወሰድ የደም ወይ ሌላ ናሙና) ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ይወሰድ፣ ለሱ ተብሎ ግን አንቲባዮቲኩ አይዘግይ። 48-72 ሰዓት ላይ ኤምአርኤስኤ ካልወጣና ሌላ ምክንያት ከሌለ ቫንኮማይሲን ይቁም። ቻርቱ ላይ ከእያንዳንዱ አንቲባዮቲክ ጎን ቀን 1፣ ቀን 2፣ ቀን 3 እያላችሁ ጻፉ፣ ቁጥሩ ካልተጻፈ ማንም ሳያስበው 10 ቀን ይሞላል።