ጨርቁ ባዶ ሲመለስ፦ በቦርከና ግጦሽ መዥገር መሰብሰብ

ኮምቦልቻ አካባቢ፣ ቦርከና ዳር ያለው ከብት መዥገር ተሸክሞ ሳለ ሣሩ ላይ የተጎተተው ጨርቅ ባዶ ይመለስ ነበር።

ዋናው ጥፋት ሰዓቱ ነው። ጤዛ የነካው ጨርቅ መዥገር አይዝም፤ ሣሩ እስኪደርቅ፣ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መጠበቅ ይበጃል። ጨርቁም ነጠላ ነበር፤ ለስላሳና ቀላል በመሆኑ ከሣሩ በላይ ይንሳፈፋል። በ1 ሜትር በ1 ሜትር ነጭ ፍላኔል ተተካ (ነጭ ፎጣም ይሠራል)፤ ፊቱ በዱላ ተወጠረ፣ የኋላ ጠርዙ ላይ ሰንሰለት ተሰፋ። በየ10 ሜትሩ ቆም ብሎ ሁለቱንም ገጽ ማየት ግድ ነው፤ ከዘገየ መዥገሩ ይራገፋል። እጩ (ከእንቁላል የተፈለፈለው ጨቅላ መዥገር) ከጤፍ ፍሬ አይተልቅምና ዓይን ይፈልጋል።

ቡፊለስ የተባለው የመዥገር ዓይነት ዕድሜውን አንድ ከብት ላይ ስለሚጨርስ ከሣር የሚገኘው እጩ ብቻ ነው። አምብሊዮማ የተባለው ሌላው የመዥገር ዓይነት ደግሞ ሲያድግ መሬት ላይ ተኝቶ ትንፋሽ ሲሸተው ይሮጣል። ለእሱ ነጭ አንሶላ አንጥፎ መሃሉ ላይ ስኳር፣ እርሾና ለብ ያለ ውሃ የያዘ ክፍት ጠርሙስ ማቆም ነው፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስበዋል።

የተያዘው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። ምልክቱ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶን ቀለም አልኮሉ ያጥበዋል።