ኳሷ ሰው የሌለበት ቦታ ስትወድቅ፦ የኳርተርባክ (የኳስ ወርዋሪው) እና የተቀባይ ችግርና መፍትሄ

ጓንቱን፣ ጫማውንና የኳሷን አየር አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ሜሪላንድ ውስጥ ታዳጊዎችን የአሜሪካ ፉትቦል ሳሠለጥን በየዓመቱ እየተመላለሰ የሚያንገበግበኝ ብልሽት አንድ ነው።

ምልክት፦ ተቀባዩ ወደ ሜዳው ጠርዝ መስመር ሲታጠፍ ኳሷ ከጀርባው ታልፋለች፤ ተከላካዩ ይቀልባታል። ተመልካች ኳርተርባኩን ይሰድባል።

መንስኤ፦ አብዛኛውን ጊዜ ክንዱ ጤነኛ ነው። ኳሷ የምትወረወረው ተቀባዩ ከመታጠፉ በፊት ስለሆነ፣ ዞሮ ሲያይ አየር ላይ መሆን አለባት። 12 ያርድ (11 ሜትር ገደማ) ሮጦ መታጠፍ የሚገባው ልጅ 10 ላይ ከታጠፈ ግን ማን ይቀበላት?

አንድ ፈጣን ተቀባይ ነበረኝ። ገና ከመነሻው ትከሻውን እያወዛወዘ ተከላካዩን ያታልላል፤ ወላጆች ያጨበጭባሉ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የኳርተርባኩን እግር ሳርም ከረምኩ። ምስኪኑ ኳርተርባክም ይባስ ብሎ የተቀባዩን መታጠፍ ሳያይ መወርወር ተወ፤ ኳሷን ታቅፎ ሲጠብቅ ተከላካዮች ይከመሩበታል። በመጨረሻ 12ኛው ያርድ ላይ ፎጣ ጥዬ የተቀባዩን እግር ብቻ አየሁ። ፎጣዋ ጋ አንዴም አልደረሰም፤ ሲያታልል ጊዜው እያለቀበት ቀድሞ ይታጠፍ ነበር።

መፍትሄ፦ ፎጣውን 12ኛው ያርድ ላይ አስቀምጡ፤ ተከላካይ አታስገቡ። ኳርተርባኩ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ የመጨረሻው እግሩ መሬት ሲይዝ ይወርውር፤ ተቀባዩን አይጠብቅ። ከልምምድ በኋላ በየቀኑ 30 ጊዜ። ኳርተርባኩ ፔይተን ማኒንግና ተቀባዩ ማርቪን ሃሪሰን ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 112 ተችዳውን (ኳሷን ሜዳው መጨረሻ ባለው የተጋጣሚ ክልል በመያዝ የሚገኝ ነጥብ) አብረው ያስቆጠሩት በእንዲህ ዓይነት አሰልቺ ድግግሞሽ ነው። የሚያጣብቅ ርካሽ ጓንት ይህን አያስተካክልም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የኳርተርባኩን የአወራወር ስልትም አትንኩ። አደራ፣ አትንኩ!

ምልክት፦ ተቀባዩ ቆመ፣ ኳርተርባኩ ረጅም ወረወረ። የተከላካዩን አኳኋን እያንዳንዳቸው በተለያየ መንገድ ተረድተውታል። ቪዲዮውን ሳታሳዩ ያዩትን ለየብቻ ጠይቋቸው።

ምልክት፦ ኮከቡ ተቀባይ ያረጀ ይመስላል። ከማባረራችሁ በፊት ወርዋሪውን እዩ። ተቀባዩ ራንዲ ሞስ በ2006 ኦክላንድ ውስጥ 3 ተችዳውን ብቻ ተቀበለ፤ በ2007 ከኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ ጋር 23።

ምልክት፦ ኳስ ሁሉ ለኮከቡ፣ እሱን ደግሞ ሁለት ሰው ይዞታል። ለሌሎቹ አከፋፍሉ። ካንሳስ ሲቲ ኮከብ ተቀባዩን ታይሪክ ሂልን በ2022 ሸጦ በዚያው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አሸንፏል።

አልፎ አልፎ፦ አዲሱ ኳርተርባክ ግራኝ ከሆነ ኳሷ በተቃራኒው ትሽከረከራለች። ተቀባዮቹ ለጥቂት ቀናት ቢያመልጣቸው አትጩኹባቸው።