የሚስቁት የሜክሲኮ አጽሞች፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ካሊፎርኒያ ወይም ቴክሳስ የምትኖሩ በኦክቶበር መጨረሻ ሁለት ዓይነት አጽም ታያላችሁ። አንዱ ግቢ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሕፃን ያስለቅሳል። ሌላው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አበባ ሰክቶ ይስቃል። ይህ የሚስቀው የሜክሲኮ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁለቱንም ሃሎዊን ማለት ነው። ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ነው፤ የሜክሲኮ የሙታን ቀን ኖቬምበር 1 እና 2 ይውላል። ሃሎዊን ላይ ሙት ያስፈራል፤ እዚያ ግን እንግዳ ነው። ቤተሰቡ ፎቶውን አቁሞ፣ ሻማ አብርቶ፣ ውሃና የሚወደውን ምግብ ደርድሮ ይጠብቀዋል። «የእነሱ ተዝካር ነው» ብሎ ማለፍም አያዋጣም። እኛ ተዝካር የምናወጣው ነፍሱን ይማርልን ብለን፣ ካህናትና ነዳያንን እያበላን ነው። የእነሱ ማዕድ የሚዘረጋው ሟቹ ራሱ ይመጣል ተብሎ ነው።

ሁለተኛውን ስህተት እኔም ለዓመታት ስሳሳተው ኖሬያለሁ፦ ካትሪና የምትባለውን ባለባርኔጣ ሴት አጽም የአዝቴኮች፣ ማለትም የሜክሲኮ ጥንታዊ ነባር ሕዝብ፣ አምላክ ማድረግ። ካትሪና የጋዜጣ ቀልድ ናት ቢባል ይቀላል። የሠራት ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የተባለ የሕትመት ሥዕል ባለሙያ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1913 ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ስሟ «ጋርባንሴራ» ነበር፤ ከሽምብራ የመጣ ስም ነው። የነባር ሕዝብ ልጅ ሆነው ሳለ ትውልዳቸውን ክደው አውሮፓዊ ለመምሰል የሚጥሩትን ለመዝለፍ የወጣ። ባርኔጣው የፈረንጅ፣ ከሥሩ ግን ባዶ አጥንት! ፖሳዳ የሣለው ጭንቅላቷን ከነባርኔጣው ብቻ ነበር። ረጅሙን ቀሚስ ያለበሳት ዲዬጎ ሪቬራ ነው፤ በ1947 በተጠናቀቀው ትልቅ የግድግዳ ሥዕሉ መሃል አቆማት። ፖሳዳ በአንድ ወገን ክንዷን ይዟታል፤ በሌላው ወገን ራሱ ሪቬራ ልጅ ሆኖ እጇን ጨብጧል። ፖሳዳ ይህን አላየም፤ በ1913 በድህነት ሞቷል።

በሜክሲኮ ሲቲ ጎዳና የሚደረገውን ግዙፍ ሰልፍም ጥንታዊ አትበሉት። በ2015 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ፈጥሮ አሳየው፤ ከተማዋ በ2016 እውነት አደረገችው። ጥንታዊውን የፈለገ ወደ መቃብር ቦታና ወደ ቤቶች ይሂድ።

«የራስ ቅል የሰይጣን ምልክት ነው» የሚል ደግሞ አይጠፋም። እዚያ ከስኳር የተሠራ የራስ ቅል ግንባሩ ላይ በሕይወት ያለ ወዳጅ ስም ተጽፎበት በስጦታ ይሰጣል፤ ይበላልም። እኛስ ብንሆን? በስቅለት ሥዕሎቻችን ከመስቀሉ ሥር ያለው የአዳም ራስ ቅል ነው፤ ቀራንዮም የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው።

የመጨረሻው፣ አጥንትን የነገር ሁሉ ማብቂያ አድርጎ መውሰድ ነው። «አጥንቱ ጨዋ ነው» ለሚልና ርስቱን «አጽመ ርስት» ብሎ ለሚጠራ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አይከብድም። በአዝቴኮች ተረት ኬትሳልኮአትል የተባለው አምላክ ወደ ሙታን አገር ወርዶ የቀድሞ ሰዎችን አጥንት ይሰርቃል። ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ አጥንቱ ይሰባበርበታል። ሲዋኮአትል የተባለችው አምላክ ስብርባሪውን ፈጨችው፤ እሱም ደሙን አፈሰሰበት፤ ከዚያም ሰው ተፈጠረ። አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር የሆነው አጥንቱ እኩል ስላልተሰበረ ነው ይላሉ።