ከመሐንዲስነት ወደ ቺፕ ኩባንያ አለቅነት፦ የሚያሰናክሉ ስህተቶች

ቺፕ (ኮምፒውተርና ስልክ የሚሠሩባት ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ) የሚሠራ ኩባንያ የገባ ወጣት መሐንዲስ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሠራ ዓይኑ ወንበር ማየት ይጀምራል። ክፋት የለውም። ዘርፉን ከመሩት ብዙዎቹ መሐንዲሶች ናቸው። ግን በትንሽ ነገር የሚሰናከለው ብዙ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥራው ላይ ቶሎ እጅ ማንሳት። ለእኔ የከፋው ይሄ ነው። በኋላ ትልቁን ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲን ያቋቋመው ሞሪስ ቻንግ በ1958 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲገባ የተሰጠው ለኮምፒውተር ሠሪው አይቢኤም ትራንዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚያበራና የሚያጠፋ ጥቃቅን ክፍል) የሚያመርት መስመር ነበር። ከሚመረተው ውስጥ ደህና ሆኖ የሚወጣው ከዜሮ እምብዛም አይበልጥም። የቀረው ይጣላል። ቻንግ ሙቀቱን ትንሽ ከፍ፣ ግፊቱን ትንሽ ዝቅ እያደረገ ሲነካካ ሰነበተ። ደህናው ከመቶ ወደ 25 ገደማ ወጣ። የአይቢኤም ሰዎች ዘዴውን ሊያዩ ዳላስ ድረስ መጡ። እድገቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቺፕ ኩባንያው ኤኤምዲ መሪ ሊሳ ሱም እንዲሁ ናት። በ1994 ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ይዛ ወጣች። አይቢኤም ውስጥ ስሟን ያስጠራው መዳብ ነው። በቺፕ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ያኔ አሉሚኒየም ነበሩ። መዳብ ኤሌክትሪክ በተሻለ ያስተላልፋል፤ ግን ወደ ሲሊከኑ ሰርጎ ያበላሸዋል። እሷ የለፋችው ይህ እንዳይሆን ነው። ኤኤምዲን መምራት የጀመረችው በ2014፣ ከዶክትሬቷ ሃያ ዓመት በኋላ ነው።

የንግዱን ወሬ መናቅ። እዚህችው ላይ ሊሳ ሱን ልጨምር። በ2000 ላብራቶሪውን ትታ ለአንድ ዓመት የአይቢኤም አለቃ የሉ ገርስትነር የቴክኒክ ረዳት ሆነች። «ዶክትሬት ይዤ የሰው ረዳት?» የሚል አይጠፋም። ትልቅ ውሳኔ እንዴት እንደሚወሰን ግን ከዚያ ክፍል ውጭ የት ይታያል?

በአንድ ፈተና ተስፋ መቁረጥ። ቻንግ የኤምአይቲን የዶክትሬት መግቢያ ፈተና ሁለቴ ወድቋል። ሥራ ፍለጋ ወጣ። መኪና ሠሪው ፎርድ በወር 479 ዶላር፣ ትራንዚስተር የሚሠራው ሲልቫንያ 480 ዶላር አቀረቡለት። ፎርድን ጨምሩልኝ አለ፤ አሻፈረኝ አሉ። ሲልቫንያ ገባ። በዚህ ሰበብ ነው ቺፕ ሰፈር የገባው! ዶክትሬቱ ከስታንፎርድ በ1964 መጣ።

የወለዱትን ምርት መቁረጥ አለመቻል። ይህ ወንበሩ ላይ ከደረሱ በኋላም የሚያስት ነው። ኢንቴል በ1968 ሲመሠረት እንጀራው ሜሞሪ ቺፕ (የኮምፒውተር መረጃ የሚይዝ ቺፕ) ነበር። በ1985 የጃፓን ኩባንያዎች በዋጋም በጥራትም አስጨነቁት። ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የሆነው የኬሚካል መሐንዲሱ አንዲ ግሮቭ መሥራቹን ጎርደን ሙርን ጠየቀው፤ እኛን አባረው አዲስ አለቃ ቢያመጡ ምን ያደርጋል? ከሜሞሪ ይወጣል አለ ሙር። ታዲያ እኛው በበሩ ወጥተን፣ ተመልሰን ገብተን ለምን አናደርገውም አለ ግሮቭ። አደረጉት። ብዙ ሠራተኛ ተቀነሰ፤ ቀላል አልነበረም።

ተራዬ ይደርሳል ብሎ መቀመጥ። ቻንግ 25 ዓመት ያገለገለበት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዋናውን ወንበር አልሰጠውም። በ1983 ለቀቀ። በ1987፣ በ55 ዓመቱ፣ ታይዋን ውስጥ ቲኤስኤምሲን አቋቋመ፤ የሌሎችን ቺፕ ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ። ገንዘብ እንዲያዋጡ ኢንቴልንና ያንኑ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ጠይቆ ነበር። ሁለቱም እምቢ አሉ። የሆላንዱ ፊሊፕስ እሺ አለ።